አራስ ድመት፣ አራት ግልገልና የሐምሌ ብርድ

ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦

«ሰላም እህቴ። የምኖረው ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ ነው፤ ከታናሽ እህቴ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን። እህቴ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ሐምሌ 6 ሌሊት ውሮ የምንላት ድመት አልጋዬ ሥር አራት ግልገሎች ወለደች። በሦስተኛው ቀን አንድ በአንድ በአፏ አንጠልጥላ ማድ ቤት፣ ከቡና ጆንያው ጀርባ ወሰደቻቸው። እዚያ ጣሪያው ያፈሳል። መልሼ ላመጣቸው ስል ቧጨረችኝ፣ ደማሁ። ጎረቤቶች ‹ሰው ከነካቸው ትበላቸዋለች› ይሉኛል። አንዱ ግልገል ከሌሎቹ ያንሳል፣ ይቀዘቅዛል፣ ድምፁም ደካማ ነው። የላም ወተት በማንኪያ ብሰጠው ተቅማጥ ያዘው። አከራያችን ደግሞ ‹ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት ድመት አይሆንም፣ በጆንያ አድርገን አዌቱ ወንዝ እንጣላቸው› እያሉኝ ነው። ቶሎ መልሽልኝ፣ ምን ላድርግ?»

እህቴ፣

ተራቸውን የሚጠብቁ ሌሎች ደብዳቤዎች ነበሩ፤ ባለቤቶቹን ይቅርታ ጠይቄ ያንቺን አስቀደምኩ። ትንሹ ግልገል ወረፋ መጠበቅ አይችልም። ስለዚህ መጀመሪያ ሄደሽ እሱን አምጪው፣ ከዚያ ማንበቡን ትቀጥያለሽ።

እጅሽን በሳሙና ታጠቢና ትንሿን ጣትሽን አፉ ውስጥ ቀስ አድርገሽ አስገቢ። የአፉ ውስጥ ከቀዘቀዘ ግልገሉ በርዶታል ማለት ነው። አዲስ የተወለደ ግልገል ገላውን በራሱ ማሞቅ አይችልም። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ያህል ሙቀቱን የሚያገኘው ከእናቱና አብረውት ከተወለዱት ገላ ነው። ከመሃላቸው ተገፍቶ ከወጣና በዚህ የሐምሌ ሌሊት ሲሚንቶ ላይ ካደረ ቶሎ ይደክማል። የበረደው ግልገል ደግሞ ሆዱ አይሠራም፤ የምትሰጪው ወተት ሳይፈጭ እዚያው ይቀመጣል፣ ይነፋዋል። ቅደም ተከተሉን አትሳቺ፤ መጀመሪያ ሙቀት ነው፣ ወተት ከዚያ በኋላ።

እሳት ዳር አታስቀምጪው፣ የሞቀ ውሃ ውስጥም አትንከሪው። ልብስሽ ውስጥ አስገቢው፣ ደረትሽ ላይ፣ ገላው ገላሽን እየነካ፣ ከላይ ጋቢ ደርቢና ቁጭ በይ። ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት፣ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። መጀመሪያ ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ዝም ብሎ ይተኛል፣ መኖሩም አይታወቅሽም። ቆይቶ አንድ እግሩን ይዘረጋል። ከዚያ አፍንጫው፣ ያቺ ሮዝ፣ ከምስር ፍሬ ብዙም የማትበልጥ አፍንጫው፣ መፈለግ ትጀምራለች። ብብትሽ ሥር፣ አንገትሽ ሥር እየገባ ጡት ይፈልጋል። ምልክቷ ያቺ ናት፤ ስታያት ወደ እናቱ ውሰጂው። ሌሎቹን ትንሽ ገለል አድርጊና አፉን ጡቷ ላይ አስጠጊለት። ከያዘ፣ እስኪጠግብ ድረስ ሌሎቹ እንዳይገፉት በእጅሽ ከልይለት። ይህን ለሁለት ሦስት ቀን፣ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ብታደርጊለት ሌላ ምንም ላያስፈልገው ይችላል።

ስለ ላም ወተቱ ራስሽን አትውቀሺ። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ እዚሁ ጅማ፣ እኔም አንዱን ግልገል እንደ ሕፃን ልጅ በጀርባው አስተኝቼ በሻይ ማንኪያ ወተት አፈሰስኩለት። ወተቱ በአፍንጫው ተመልሶ ወጣ። ሌሊቱን ሙሉ ሲያስነጥስና ደረቱ ሲያንኮራፋ ሰማሁ፤ ሲነጋ ሞቶ ነበር። ወተቱ ሳንባው ውስጥ ገብቶ እንደሆነ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ያ ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ስለዚህ እለምንሻለሁ፣ ግልገል በጀርባው ተኝቶ አይጠጣም። በሆዱ ተኝቶ፣ ጭንቅላቱ ትንሽ ቀና ብሎ፣ ከእናቱ ሲጠባ እንደሚሆነው ሆኖ ነው የሚጠጣው። ማንኪያውንም ጣይው።

የላም ወተት የተሠራው ለጥጃ ነው። ለድመት ግልገል ፕሮቲኑም ስቡም ያንሰዋል፣ በወተቱ ውስጥ ያለውን ስኳር ደግሞ ሆዱ በደንብ አይችለውም። ተቅማጡ ከዚያ ሊሆን ይችላል። ተቅማጥ ያለበት ግልገል ውሃው ቶሎ ያልቅበታል፤ ወተቱን ዛሬውኑ አቁሚ። እናቱ ወተት ካላትና እሱም ከሞቀ በኋላ ከጠባ ምንም ነገር አትጨምሪለት። ከሞቀም በኋላ መጥባት ካቃተው ብቻ ነው ወደ ሌላ የምንሄደው። ለድመት ግልገል ተብሎ የተዘጋጀ የዱቄት ወተት ካገኘሽ እሱን የሚያህል የለም። ካላገኘሽ የፍየል ወተት አፍይተሽ፣ ከእሳት ካወረድሽው በኋላ በአንድ ብርጭቆ ላይ አንድ የእንቁላል አስኳል ምቺበትና አጥልይው። ክንድሽ ላይ ጠብ ስታደርጊው ለብ ማለት አለበት። ከፋርማሲ ትንሽ ሲሪንጅ ገዝተሽ፣ መርፌውን ጥለሽ፣ በአፉ ጠርዝ በኩል ጠብ ጠብ አድርጊለት። ራሱ እየዋጠ እንጂ አንቺ እየገፋሽ አይሁን። በዚህ ዕድሜው በየሁለት ሰዓቱ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሊትር ይበቃዋል፣ ሌሊትም ጭምር። ይህ የአንድ ሁለት ቀን ማሻገሪያ ነው፤ በእሱ ግልገል አያድግም።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ትንንሽ ግልገሎች ራሳቸው መሽናት አይችሉም። እናታቸው ሆዳቸውንና መቀመጫቸውን ስትልስ ነው ሽንቱም ዓይነ ምድሩም የሚወጣው። ስለዚህ በሲሪንጅ ያጠጣሽው ግልገል እናቱ ካልላሰችው፣ ለብ ባለ ውሃ የራሰ ጥጥ ይዘሽ አንቺ ቀስ አድርገሽ ጥረጊው፣ እስኪሸና ድረስ። ጠጥቶ ሳይሸና የሚቆይ ግልገል ይታመማል።

አሁን ወደ እጅሽ እንምጣ። በደብዳቤሽ ውስጥ «ደማሁ» ብለሽ አልፈሽዋል፤ እኔ ግን አላልፈውም። የእብድ ውሻ በሽታ የውሻ ብቻ አይደለም፣ ድመትም ታስተላልፋለች፣ ምልክቱ ከታየ በኋላ ደግሞ መድኃኒት የለውም። ውሮ ጤነኛ ልትሆን ትችላለች፤ ለነገሩ ልጆቿን ስትከላከል ነው የቧጨረችሽ። ቢሆንም ክትባት የወሰደች አይመስለኝም፣ ማታ ማታ የት እንደምትሄድም አታውቂም። ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቢው፤ ቀናት ቢያልፉትም እጠቢው። ከዚያ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂጂና ድመት ቧጭራኝ ደምቻለሁ በያቸው። የእብድ ውሻም የቴታነስም ክትባት ያስፈልግሽ እንደሆነ እነሱ ይወስናሉ። ውሮንም ለ10 ቀን በዓይንሽ ተከታተያት። ጠባይዋ ከተለወጠ፣ ለሃጭ ካዝረከረከች ወይም ከሞተች ሄደሽ ንገሪያቸው።

ጎረቤቶችሽ «ሰው ከነካቸው ትበላቸዋለች» ማለታቸው በየሰፈሩ የሚባል ነው፣ እናቴም ትለው ነበር። የሰው እጅ ስለነካቸው ብቻ ልጆቿን የምትተው ድመት የለችም ማለት ይቻላል፣ በተለይ እጁ የምታውቀው ሰው እጅ ከሆነ። ድመት የሞተ ወይም የማይድን ግልገል ልትበላ ትችላለች። ክፉኛ ስትፈራና ስትራብም ይደርሳል። ልጆቿን የሚገድለው ብዙ ጊዜ ከውጭ የሚመጣው ወንድ ድመት ነው፤ ሰው ጠዋት ተነስቶ ጎድለው ሲያይ እሷ ላይ ያላክካል። አንቺ ቤት የሆነው ግልጽ ነው። አልጋ ሥር ወለደች፣ ሰው በዛባት፣ የሰፈር ልጆች እየመጡ አዩዋት (ይህን አልጻፍሽውም ግን ጅማ ውስጥ ድመት ወልዳ ልጆች ሳይመጡ የሚቀሩበት ግቢ አላውቅም)፣ እሷም ጸጥ ያለና ጨለማ ቦታ ፈልጋ ሄደች። አንቺ ደግሞ ተከትለሽ እጅሽን ሰደድሽ። አራስ ነብር የሚባለው እኮ ለዚህ ነው።

የምነግርሽ ዋናው ነገር ይህ ነው፤ አንቺ ግልገል አሳዳጊ አይደለሽም፣ አራስ ጠያቂ ነሽ። ግልገሎቹን ውሮ ታሳድጋለች፣ ካንቺም ከኔም በላይ ታውቅበታለች። ያንቺ ሥራ እሷን መመገብ፣ ማሞቅና ሰው እንዳይበዛባት መከልከል ነው። ወላድ በድባብ ትሂድ ይባል የለ? ለሰው አራስ ገንፎው፣ ሙቁ፣ አጥሚቱ ይሠራል፣ በሩ ይዘጋል፣ ጠያቂ ይመጠናል። ለውሮም ልክ እንደዚያ ነው።

ከምግቡ እንጀምር። የምታጠባ ድመት ከወትሮው ሁለት ሦስት እጥፍ ትበላለች። ድመት ሥጋ በሊታ ናት፤ በእንጀራ ፍርፋሪ አራት ግልገል ማጥባት አትችልም። ብዙዎቻችን የምንሰጠው ደግሞ የወጥ ትራፊ ነው፣ እሱ ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ደም ይጎዳሉ፣ ቢበስሉም ያው ነው። የኛ ወጥ ያለ ሽንኩርት የት ይገኛል? ስለዚህ ከወጥ ምንም አትስጫት። ሥጋ ቤት ሄደሽ ሳንባ፣ ልብ፣ ቁርጥራጭ ሥጋ ጠይቂ፤ ርካሽ ነው፣ ለድመት ነው ስትያቸው ጨመር የሚያደርጉልሽም አሉ። ያለ ጨው፣ ያለ በርበሬ፣ ያለ ሽንኩርት ቀቅይው፣ በጣትሽ በጫጭቂው፣ መረቁንም አብረሽ ስጫት። ልብ በተለይ ለድመት ጥሩ ነው። ጉበት በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ፣ ትንሽ ብቻ። የተቀቀለ እንቁላልም ጨምሪላት። በቀን አራት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ይሻላል፣ ውሃ ደግሞ ሁልጊዜ አጠገቧ ይኑር። ሳህኗን ከካርቶኑ አንድ እርምጃ ራቅ አድርገሽ አስቀምጪ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልጆቿን ትታ ሩቅ መሄድ አትፈልግም፣ ሩቅ ከሆነ ሳትበላ ትውላለች።

ስትጨርስ የተረፈውን አንሺ። ለምን መሰለሽ? ጉንዳን። ክረምት ላይ ጅማ ጉንዳን በሰልፍ ቤት ሲገባ አይተሽ ታውቂያለሽ፤ ዓይኑ ያልተከፈተ ግልገል ደግሞ መሸሽ አይችልም። ካርቶኑን ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ወይም ሰፊ ሣጥን ላይ ማስቀመጥ ከቻልሽ እግሮቹን ውሃ ባለበት ጣሳ ውስጥ አቁሚያቸው። ግልገሎቹ መዳህ ሲጀምሩ ግን እንዳይወድቁ ወደ መሬት ትመልሻቸዋለሽ። ካልቻልሽ መሬቱ ላይ ዙሪያውን አመድ ነስንሺ፣ ሌሊት አንድ ጊዜ በባትሪ እያየሽ።

ከማድ ቤቱ አውጫቸው፣ እዚያ አይቆዩም። ጣሪያ የሚያፈስበት ቦታ እርጥበቱ ብቻውን ይጨርሳቸዋል። ክፍልሽ ውስጥ፣ ሰው የማይመላለስበት ጥግ ላይ፣ ትልቅ ካርቶን አስቀምጪ። ውሮ እየዘለለች እንድትገባ ግልገሎቹ ግን እንዳይወጡ አንዱን ጎን አንድ ስንዝር ብቻ አስቀርተሽ ቁረጪው። ከታች ጆንያ አጥፈሽ አንጥፊ፣ ከላይ ያረጀ ለስላሳ ጨርቅ። ክር የሚመዘዝበት ጨርቅ አይሁን፤ በእግራቸው ይጠመጠማል። ግማሹን ካርቶን በጨርቅ ሸፍኚው፣ ጨለማ ትወዳለች። ማድ ቤት የተኙበትን ጨርቅ ደግሞ ሳታጥቢ አምጥተሽ ከላይ አድርጊው፣ ሽታቸው እንዲኖርበት። ከዚያ መረቁን ይዘሽ ውሮን ጥሪያት። እሷ ስትበላ ግልገሎቹን ሁሉንም በአንድ ዘንቢል ውስጥ አድርገሽ፣ እያየችሽ፣ ከፊቷ እየሄድሽ አምጫቸው። እየጮኸች ትከተልሻለች። ካርቶኑ ውስጥ አስቀምጫቸውና ውጪ፣ በሩን ገርበብ አድርጊው። አንድ ሁለት ሰዓት ማንም አይግባ። መልሳ ልትወስዳቸው ብትሞክር አትቆጫት፤ እንደገና ሞክሪ፣ ወይም እሷ ራሷ የመረጠችውን ደረቅ ጥግ ተቀበያት።

ለሙቀቱ ሃይላንድ ጠርሙስ ይበቃሻል። የሞቀ ውሃ ሙይበት፣ የፈላ ግን አይሁን፣ ክዳኑን ጥብቅ አድርገሽ ካልሲ ውስጥ ክተቺውና ከካርቶኑ አንዱ ዳር አድርጊው። አንዱ ዳር ብቻ ነው ያልኩሽ፤ የሞቀው ግልገል ሸሽቶ የሚሄድበት ቦታ ይፈልጋል። ውሃው ሲቀዘቅዝ ቀይሪው፤ የቀዘቀዘ ጠርሙስ ራሱ ሙቀታቸውን ይወስድባቸዋል። በመጀመሪያው ሳምንት የሚተኙበት ቦታ ከ29 እስከ 32 ዲግሪ ቢሞቅ ነው የሚስማማቸው፣ የጅማ የክረምት ሌሊት ከዚህ ስንት እንደሚርቅ አንቺው ታውቂያለሽ። ከሰል ግን በተዘጋ ቤት እንዳታስገቢ። ለግልገል ብለሽ ያቀጣጠልሽው ከሰል አንቺን፣ እህትሽንና ማህፀኗ ውስጥ ያለውን ልጅ ይገድላል።

ካርቶኑ አካባቢ ዴቶል አትርጪ፤ ለድመት መርዝ ነው። ሳሙናና ሙቅ ውሃ በቂ ነው። ቁንጫ ካየሽም የቁንጫና የትኋን ርጭት፣ ወይም ለውሻ የተሠራ መድኃኒት አትንኪ። ቁንጫ የግልገልን ደም መጦ ሊገድል እንደሚችል አውቃለሁ፤ ግን በዚህ ዕድሜ የሚሻለው የቅማል ማበጠሪያ ነው፣ በማበጠሪያው እየለቀምሽ የሳሙና ውሃ ውስጥ መጣል፣ ጨርቁንም በየሁለት ቀኑ በፈላ ውሃ ማጠብ። ፓራሲታሞል ደግሞ በምንም ምክንያት፣ ለእናትየዋም ሆነ ለልጆቹ፣ አይሰጥም። አንድ ፍሬ ድመት ይገድላል።

ስለ እህትሽ። አከራይሽ የሚፈሩት ነገር ከባዶ የመጣ አይደለም። ቶክሶፕላዝሞሲስ የሚባል በሽታ አለ፣ በእርግዝና ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዛት ሴት ወደ ፅንሱ ልታስተላልፈው ትችላለች። የሚመጣው ግን ከድመቷ ዓይነ ምድር ነው፤ ከፀጉሯ ወይም እዚያው ቤት በመተኛቷ አይደለም። ከድመቷ የወጣው ዓይነ ምድር በሽታ ለማስያዝ ቢያንስ አንድ ቀን፣ እስከ አምስት ቀንም፣ ውጭ መቆየት አለበት። ስለዚህ በየቀኑ የሚጸዳ ነገር አደጋው በጣም ይቀንሳል። ውሮ የምትጸዳዳበትን ሰጋቱራ አንቺ ቀይሪው፣ በየቀኑ፣ ጓንት አድርገሽ፣ ከዚያ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። እህትሽ ዓይነ ምድሩን አትንካ፣ ጓሮ ስትኮተኩትም ጓንት ታድርግ፣ አትክልቱን በደንብ አጥባ ትብላ። ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፣ ለእህትሽ ከውሮ በላይ የሚያሳስበኝ ቁርጥና ለብለብ ክትፎ ነው። ያው በሽታ በጥሬ ሥጋ ውስጥም አለ። እስክትወልድ ድረስ ሥጋ በደንብ በስሎ ትብላ። ለእርግዝና ክትትል ስትሄድ ቤታችን ድመት አለች ብላ ለሐኪሟ ትንገራት።

አከራይሽን በዚህ ነው የምታናግሪያቸው፣ በቁጣ አይሁን። ቤቱ የሳቸው ነው፣ ፍርሃታቸውም ለእህትሽ ነው። ቡና ጥሪያቸው፣ ቁጭ በሉና ከላይ የጻፍኩልሽን ስለ ዓይነ ምድሩ ንገሪያቸው፣ እኔ በየቀኑ አጸዳለሁ በያቸው። ሙስሊም ከሆኑ ድመትን አስራ በረሃብ ስለገደለችው ሴት የሚናገረውን ሐዲስ ከኔም ካንቺም በላይ ያውቁታል፤ ድመት ነጅስ (ርኩስ) እንዳልሆነችም ያውቃሉ፣ ማስታወስ ብቻ ነው። ስለ ጆንያውና ስለ አይጡም አንሺላቸው፤ ማድ ቤት ያስቀመጡትን ቡና ማን እየጠበቀው እንደሆነ አዱሬ (በኦሮምኛ ድመት) እያሉ ሲጠሯት የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

ቀን ቁረጪላቸው። ሰው «ትንሽ ጊዜ» ሲባል አይቀበልም፣ ቀን ሲነገረው ይቀበላል። ግልገል ከእናቱ የሚለየው ስምንት ሳምንት ሲሞላው ነው። ሐምሌ 6 የተወለዱት ጳጉሜን 2 ስምንት ሳምንታቸውን ይሞላሉ። «እማማ፣ እስከ አዲስ ዓመት ብቻ ይታገሱኝ፣ ከዚያ ግልገሎቹን ለሚፈልጋቸው ሰው እሰጣለሁ» በያቸው። ከዛሬ ጀምሮም ሰው ፈልጊ። መርካቶ ያሉት የእህል ሱቆች፣ ወፍጮ ቤቶች፣ ቡና የሚያከማቹ ነጋዴዎች ድመት አጥተው የሚቸገሩ ናቸው። የምትሰጪውን ሰው አንድ ነገር ብቻ አስጠንቅቂው፤ የአይጥ መርዝ በሚያስቀምጥበት ቤት ድመት አይወስድ፣ መርዝ የበላ አይጥ በልታ ትሞታለች። አዌቱ የሚባለውን ነገር ግን አትስሚ። ልጆቹን ቀምተሽ እናትየዋን ጡቷ ሞልቶ ማስቀረት እሷንም ማሳመም ነው፣ ጡቷ ይቆስላል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣውን በአጭሩ ልንገርሽ። ከሐምሌ 13 እስከ 20 ባለው ጊዜ ዓይናቸው ይከፈታል፤ አንቺ በጣትሽ ለመክፈት አትሞክሪ። የተዘጋው ዓይን ካበጠ ወይም መግል ካየሽበት ግን ሐኪም ይየው። ሐምሌ 20 ሁለት ሳምንት ይሞላቸዋል፣ የሆድ ትል መድኃኒት የሚጀመረው ያኔ ነው። ትሉ በእናታቸው ወተት ይተላለፍባቸዋልና እናትየዋም አብራ ትወስዳለች፣ ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ ይደገማል። ፓይራንቴል የሚባለውን ይሰጡሻል፣ መጠኑ በክብደት ነው። የሰውን ክኒን ቆርሰሽ በግምት አትስጪ። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ በቀን ለጥቂት ደቂቃ በእጅሽ ያዣቸው፤ ሰው የሚለምዱት አሁን ነው፣ እስከ ሰባተኛው ሳምንት። ለሰፈሩ ልጆችም ያኔ አሳያቸው፣ ቁጭ ብለው፣ ተራ በተራ፣ እጃቸውን ታጥበው። ከነሐሴ 4 ጀምሮ የተፈጨ ሥጋ በመረቅ አርጥበሽ በጠፍጣፋ ሳህን አቅርቢላቸው፤ መጀመሪያ ይረግጡታል፣ ከዚያ ይልሱታል። ሰጋቱራ ያለበት ዝቅ ያለ ሣጥንም ያኔ አስቀምጪላቸው፣ እናታቸውን አይተው ይማራሉ።

ውሮንም እያት። ከወሊድ በኋላ ጥቂት ቡናማ ቀይ ፈሳሽ ለሁለት ሦስት ሳምንት ቢታይ ያለ ነው። የሚሸት ከሆነ፣ ካተኮሳትና መብላት ካቆመች ያ ሌላ ነገር ነው። በየቀኑ ስትተኛ ጡቶቿን በእጅሽ ደባብሺ፤ አንዱ ከጠነከረ፣ ካተኮሰና ስትነኪው ካመማት ሐኪም ያስፈልጋታል። ከሁሉ የሚያስፈራው ደግሞ የካልሲየም ማነስ ነው። አርፋ አትቀመጥም፣ እግሯ ይደርቃል፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ልጆቿን ትረሳለች። ይህን ካየሽ ግልገሎቹን ወዲያው ለያቸውና በዚያው ሰዓት ውሰጃት፣ ነገ አትበይ። ጅማ ደግሞ ለዚህ የታደለች ከተማ ናት፤ ዩኒቨርሲቲው የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው፣ የእንስሳት ሐኪሞች እዚሁ ነው የሚማሩት። ዛሬ ጤና ሳለች ሄደሽ የት እንደምታመጫት ጠይቀሽ ስልክ ያዢ።

እዚያው ስለ ማምከን ጠይቂ። ይህን የምልሽ አሁን ነው ምክንያቱም ድመት እያጠባችም ልታረግዝ ትችላለች፣ እርግዝናዋም ሁለት ወር ያህል ብቻ ነው። ግልገሎቹ ጡት እስኪጥሉ ወንድ ድመት ወዳለበት አትልቀቂያት። ጡት ከጣሉና ወተቷ ከደረቀ በኋላ ትምከን፤ አለበለዚያ ኅዳር ላይ ሌላ አራት ይዛችሁ ከአከራይሽ ጋር ያንኑ ጭቅጭቅ ትጀምራላችሁ። ግልገሎቹም ሦስት ወር ሲሞላቸው የእብድ ውሻ ክትባት ይውሰዱ፣ የምትሰጫቸውን ሰዎች ይህን ቃል አስገቢያቸው።

አሁን ወደ ትንሹ እንመለስ። ግልገል ሲወለድ 100 ግራም አካባቢ ነው፣ ጤነኛ ከሆነ በየቀኑ ከ10 እስከ 15 ግራም ይጨምራል። ዓይን ይህን አያይም፣ ሚዛን ነው የሚያየው። ቅመም የሚመዝኑበት ትንሿ ዲጂታል ሚዛን ያላት ባለሱቅ ካለች ለምኛትና ለጥቂት ቀን ተዋሺ። ካልሲ ውስጥ አድርገሽ መዝኚው፣ የካልሲውን ቀንሺ፣ አራቱንም በደብተር ጻፊ። በተመሳሳይ ሰዓት ይሁን፣ ጠዋት። አንድ ቀን ሳይጨምር ከቀረ ትኩረት ይፈልጋል፣ ከቀነሰ ግን በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

ነገ ጠዋት ስንት እንደመዘነ፣ ከነገ ወዲያም እንዲሁ ጻፊልኝ። በሲሪንጅ መርዳቱን መቀጠል ይኑርብሽ አይኑርብሽ ከሁለቱ ቁጥሮች አይቼ እነግርሻለሁ። እጅሽን ለጤና ጣቢያ ማሳየቱን ግን ለነገ አታሳድሪው።